ለአረንጓዴ ሕንፃ ምስክርነት ወንበርና ጠረጴዛም ወረቀት ይጠየቃል

በሐዋሳ ከተማ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ አንድ ባለሀብት ባለ አምስት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ አሠራ እንበል። ሕንፃውን ሊከራይ የመጣው ድርጅት ዓለም አቀፍ በመሆኑ ሕንፃው የአረንጓዴ ሕንፃ ምስክር ወረቀት እንዲኖረው፣ የቢሮ ዕቃውም በአከራዩ ተሟልቶ እንዲቀርብ በውሉ ላይ አስፍሯል። ባለሀብቱም የሚጠበቅበትን አደረገ። ውሃ ቆጣቢ ቧንቧ ገጠመ፣ አነስተኛ ኃይል የሚወስዱ አምፖሎች ሰቀለ፣ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ዘረጋ። ሥራው ሊጠናቀቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ግን አማካሪው ያልታሰበ ጥያቄ ይዞ መጣ፤ «የወንበሩና የጠረጴዛው የምርመራ ወረቀት የት አለ?»

ባለሀብቱ ጠረጴዛውን ያሠራው እዚያው ሐዋሳ ካለ እንጨት ሥራ ቤት ነው። ወንበሩንና ሶፋውን ደግሞ ከአዲስ አበባ አስመጪ ገዝቷል። ከሁለቱም ዘንድ ደረሰኝ አለው። የምርመራ ወረቀት ግን አልጠየቀም፤ የሰጠውም የለም። ዕቃው ጠንካራ ነው፣ ያምራል፣ ዋጋውም ተመጣጣኝ ነው። ለምስክር ወረቀቱ ግን ይህ ሁሉ አይቆጠርም።

ይህ ለማስረዳት ያህል የቀረበ ምሳሌ ነው። ጥያቄው ግን ከምሳሌ ያለፈ ነው። ዛሬ በዓለም ገበያ «አረንጓዴ» የሚባል ሕንፃ የሚመዘነው በመብራቱና በውሃው ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለው ሰው በሚተነፍሰው አየር ጭምር ነው። በአየሩ ውስጥ ከሚገኙት ጎጂ ነገሮች ከፊሉ የሚወጣው ደግሞ ከቢሮ ዕቃው ነው። በመሆኑም ጉዳዩ ከአርክቴክቱ አልፎ የዕቃ አስመጪውን፣ የአናጢውን፣ የደላላውንና የአከራዩን ኪስ የሚነካ ሆኗል።

ገዥ የሚጠይቀው ሕግ ሳይወጣ ይመጣል

ሐዋሳ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ፈጽሞ እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2016 የተመረቀውና 52 የፋብሪካ ሼዶችን ይዞ የተገነባው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተጠቀመበትን ውሃ አጣርቶ መልሶ የሚጠቀምና ፍሳሽ ወደ ውጭ የማይለቅ ሥርዓት እንዲኖረው ተደርጎ ነው የተሠራው። በፓርኩ ቀዳሚ የነበሩት የውጭ ልብስ ገዥዎች የማምረቻውን አካባቢያዊ ጉዳይ ከስፌቱ ጥራት እኩል የሚመለከቱ ነበሩ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቀላል ነው። ገዥው የሚጠይቀው መመዘኛ በአገሩ ሕግ ላይ ባይሰፍርም በውሉ ላይ ከሰፈረ ለሻጩ ሕግ ነው።

የቢሮ ዕቃም ወደዚያው መንገድ እየገባ ነው። የምስክር ወረቀት ያለውን ሕንፃ የሚፈልገው ተከራይ ወይም አበዳሪ ጥያቄውን ለሕንፃው ባለቤት ያቀርባል። ባለቤቱ ለተቋራጩ፣ ተቋራጩ ለአስመጪው፣ አስመጪው ለፋብሪካው ያስተላልፋል። በዚህ ሰንሰለት ላይ መልስ ያጣው ወገን ሽያጩን ያጣል።

መጀመሪያ የትኛው ምስክር ወረቀት እንደሆነ ይታወቅ

«የአረንጓዴ ሕንፃ ምስክር ወረቀት» የሚለው ስም አንድ ቢመስልም ወረቀቱ ብዙ ዓይነት ነው። የሚጠይቀውም ይለያያል።

በዓለም ባንክ ሥር ያለው የዓለም አቀፉ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን የሚያራምደው «ኤጅ» የተሰኘው መመዘኛ በሦስት ነገሮች ላይ ያተኮረ ነው። ሕንፃው በኃይል፣ በውሃና በግንባታ ዕቃዎቹ ምርት ሂደት በሚወጣው የካርቦን መጠን፣ በእያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 በመቶ ቁጠባ እንዲያሳይ ይጠይቃል። ጠረጴዛው ወደ አየር የሚለቀውን ኬሚካል የሚመለከት ጥያቄ የለውም። ስለዚህ ኤጅን ብቻ የሚፈልግ ባለሀብት በዚህ ጽሑፍ ለተነሳው ጉዳይ ብሎ ወጪ ማውጣት አይገደድም።

እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመው የአሜሪካ የአረንጓዴ ሕንፃ ምክር ቤት የሚያስተዳድረው «ሊድ» ግን የተለየ ነው። ሊድ ሕንፃን ከ110 ነጥብ ይመዝናል። 40 ነጥብ ያገኘ ምስክር ወረቀቱን ያገኛል፤ 50 የደረሰ የብር፣ 60 የደረሰ የወርቅ፣ 80 የደረሰ የፕላቲነም ደረጃ ይሰጠዋል። በውስጡ «አነስተኛ ልቀት ያላቸው ዕቃዎች» የሚል ክፍል ያለ ሲሆን በ4.1 እትም አዲስ ለሚገነባ ሕንፃ እስከ 3 ነጥብ ያስገኛል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የመጣው «ዌል» የተባለው መመዘኛም በሕንፃው ውስጥ ባለው ሰው ጤና ላይ የሚያተኩር በመሆኑ የቢሮ ዕቃውን ጉዳይ ያነሳል።

ሊድ በየጊዜው ይሻሻላል። 4ኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2013፣ 4.1 የሚባለው በ2019፣ 5ኛው ደግሞ በ2025 ይፋ ሆነዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቁጥሮች የ4.1 እትም ናቸው። አንድ ሕንፃ የሚመዘነው በተመዘገበበት እትም ስለሆነ ባለሀብቱ አማካሪውን አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ «በየትኛው እትም ነው የተመዘገብነው?» የሚለው ነው።

ከጠረጴዛው ምን ይወጣል?

በገበያችን የሚሠራው አብዛኛው የቢሮ ዕቃ ከችፑድ፣ ከኤምዲኤፍ ወይም ከኮምፔርሳቶ ነው። እነዚህ ሰሌዳዎች የእንጨት ፍቅፋቂ፣ ብናኝ ወይም ስስ ሉህ በሙጫ ተጣብቆና ተጨምቆ የሚገኙ ናቸው። በርካሽነቱ በስፋት የሚታወቀው ሙጫ ዩሪያ ፎርማልዲሃይድ ይባላል። ይህ ሙጫ ሙቀትና እርጥበት ባገኘ ቁጥር ቀስ በቀስ እየተፈታ ፎርማልዲሃይድ የተባለውን ጋዝ ወደ አየር ይለቃል። ልቀቱ ዕቃው አዲስ ሳለ ከፍተኛ ሲሆን ከጊዜ ወደ ጊዜ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ወራትና ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ፎርማልዲሃይድ ዓይንን ይቆጠቁጣል፣ ጉሮሮን ይከረክራል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 በሰው ላይ ካንሰር ያስከትላሉ ብሎ ካረጋገጣቸው ነገሮች ጋር በ1ኛው ምድብ አስገብቶታል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ በቤት ውስጥ አየር ያለው መጠን ለ30 ደቂቃ ሲለካ በአንድ ሜትር ኩብ ከ0.1 ሚሊግራም እንዳይበልጥ መክሯል።

ጉዳዩ በሰሌዳው ብቻ አያበቃም። ቫርኒሹ፣ ቲነሩ፣ ፎርማይካው የሚለጠፍበት ማስቲሽ፣ የወንበሩ ፎምና የጨርቁ ሙጫ ሁሉም በቀላሉ የሚተኑ ኬሚካሎችን ይለቃሉ። በተለምዶ «የአዲስ ዕቃ ሽታ» የሚባለው የእነዚህ ድምር ነው። ይሁን እንጂ ሽታ መለኪያ አይደለም። የማይሸት ዕቃ ከገደቡ በላይ ሊለቅ ይችላል፤ የሚሸትም ከገደቡ በታች ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ሸትቼዋለሁ፣ ምንም የለበትም» የሚል ሻጭ ለአማካሪው መልስ አልሰጠም።

የቢሮ ዕቃ የሚለካው በተዘጋ የምርመራ ክፍል ውስጥ ነው። የአሜሪካ የቢሮ ዕቃ አምራቾች ማኅበር፣ በአጭሩ ቢፍማ፣ ባወጣውና ኤም 7.1 በተባለው ዘዴ መሠረት ዕቃው በክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ አየሩ ከ72ኛው እስከ 168ኛው ሰዓት ባለው ጊዜ ይለካል። ከዚያም ውጤቱ በአንድ ቢሮ ውስጥ ሊኖር ወደሚችለው መጠን ይሰላል። ሊድም በዚህ ዘዴ የተገኘውን ውጤት ይቀበላል። ምርመራውን ያካሄደው ላቦራቶሪ ግን አይ.ኤስ.ኦ 17025 በሚባለው ደረጃ ለዚሁ ሥራ ዕውቅና ያለው መሆን አለበት።

ቆጠራው በፍሬ ሳይሆን በብር ነው

በሊድ 4.1 «አነስተኛ ልቀት» በሚለው ክፍል ስምንት የዕቃ ምድቦች አሉ። እነሱም ቀለም፣ ማጣበቂያ፣ ወለል፣ የግድግዳ ሰሌዳ፣ ኮርኒስ፣ ሙቀት መከላከያ፣ በሙጫ የተጨመቀ እንጨትና የቢሮ ዕቃ ናቸው። ሁለቱን ያሟላ 1 ነጥብ፣ ሦስቱን ያሟላ 2፣ አራቱን ያሟላ 3 ነጥብ ያገኛል። እንግዲህ የቢሮ ዕቃ ግዴታ አይደለም፤ ከስምንቱ አንዱ ነው። ነገር ግን በ59 ነጥብ ላይ ለቆመ ሕንፃ ያ አንድ ነጥብ በብርና በወርቅ ደረጃ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ውሉ የወርቅ ደረጃ የሚል ከሆነ ደግሞ በኪራይ ተከፍሎና አለመከፈል መካከል ያለ ልዩነት ይሆናል።

የቢሮ ዕቃው ምድብ የሚሟላው ከጠቅላላው ዕቃ በዋጋ ሲሰላ ቢያንስ 75 በመቶው መመዘኛውን ሲያልፍ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። መቶ ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ቢኖር የሚቆጠረው የወንበሩ ብዛት ሳይሆን የተከፈለበት ገንዘብ ነው።

የባህል አዳራሹን ሕንፃ ሒሳብ እንመልከት። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። ለቢሮ ዕቃ በጠቅላላው 8,000,000 ብር ወጥቷል። ከዚህ ውስጥ የምርመራ ወረቀት ካለው ፋብሪካ ቢገዙ ኖሮ የሚያልፉት ወንበሮች 2,400,000 ብር፣ በከተማው የተሠሩት የኤምዲኤፍ ጠረጴዛዎች 2,800,000 ብር፣ በፓውደር ኮቲንግ የተቀቡ የብረት መደርደሪያዎችና ካቢኔዎች 1,200,000 ብር፣ ከቀድሞ ቢሮ የመጡ አሮጌ የስብሰባ ጠረጴዛዎች 600,000 ብር፣ ሶፋዎች 1,000,000 ብር ናቸው።

ወንበሮቹ ሙሉ ወረቀት አላቸው ብለን እንነሳ። ብረቱና አሮጌዎቹ ጠረጴዛዎች ቀጥሎ በሚገለጸው ምክንያት ያልፋሉ። ድምሩ 4,200,000 ብር ነው። ይህም 52.5 በመቶ ስለሆነ ምድቡ ወድቋል። ቁልፉ ያለው እንግዲህ በጠረጴዛዎቹ ላይ ነው።

ጠረጴዛዎቹ ተመርምረው ቢያልፉ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሳል። ሊድ የምርመራ ውጤትን በሁለት ዋጋ ይቀበላል። በቢፍማ ኢ3 ደረጃ አንቀጽ 7.6.1 መሠረት ብቻ ያለፈ ዕቃ የሚታሰበው በዋጋው ግማሽ ነው። ይህ አንቀጽ አጠቃላይ ልቀቱን ይለካል። ለምሳሌ ለጠረጴዛና ለሥራ ቦታ ዕቃ ጠቅላላ ተናኝ ኬሚካል በሜትር ኩብ ከ0.5 ሚሊግራም፣ ፎርማልዲሃይድ ከቢሊዮን 50 እጅ እንዳይበልጥ ይጠይቃል፤ ለወንበር ገደቡ የዚህ ግማሽ ነው። ኬሚካሎቹን አንድ በአንድ የሚመዝነውን አንቀጽ 7.6.2ን ያለፈ ዕቃ ግን በሙሉ ዋጋው ይታሰባል።

ጠረጴዛዎቹ የመጀመሪያውን ብቻ ቢያልፉ ከ2,800,000 ብር ውስጥ የሚያዘው 1,400,000 ብር ነው። ድምሩ 5,600,000 ብር ወይም 70 በመቶ ይሆናል፤ አሁንም ወድቋል። ሁለተኛውን ቢያልፉ ድምሩ 7,000,000 ብር ወይም 87.5 በመቶ ይደርስና ምድቡ ይሟላል። ሁለቱም ጠረጴዛዎች «ተመርምረዋል» ይባላሉ፤ በሒሳቡ ላይ ግን አንዱ ያተርፋል፣ ሌላው ያከስራል።

ቆጠራው በብር መሆኑ ሌላም መዘዝ አለው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 መጨረሻ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከላይ ባለው ምሳሌ ወረቀት የሌላቸው ሶፋዎች ከውጭ የሚመጡ ቢሆኑና ዋጋቸው ከ1,000,000 ወደ 1,800,000 ብር ቢያድግ፣ ያለፈው ዕቃ ሳይለወጥ 87.5 የነበረው ድርሻ ወደ 79.5 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ በፕሮፎርማ የተሠራ ሒሳብ በመጨረሻው ደረሰኝ እንደገና መታየት አለበት።

ያለ ምርመራ የሚያልፉ

ለነጋዴው ደስ የሚለው ክፍል ይህ ነው። በተፈጥሯቸው ልቀት የሌላቸው ተብለው የተመዘገቡ ዕቃዎች ምርመራ ሳያስፈልጋቸው ሙሉ በሙሉ ይቆጠራሉ። እነዚህም ድንጋይ፣ ሴራሚክ፣ መስታወት፣ ኮንክሪት፣ የሸክላ ጡብ፣ በፓውደር ኮቲንግ የተቀባ ወይም በብረት የተለበጠ ብረትና አኖዳይዝድ አሉሚኒየም፣ እንዲሁም ምንም ያልተቀባና ያልታከመ ሙሉ እንጨት ናቸው።

ሁለተኛው አሮጌ ዕቃ ነው። በሕንፃው ሥራ ላይ በሚውልበት ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ የሆነው፣ ቀድሞ ያገለገለ ዕቃ ያልፋል። ልቀቱ በአብዛኛው የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ወራት መሆኑ ይታሰባል። ነገር ግን እዚያው ሕንፃ ላይ እንደገና ቫርኒሽ የሚቀባ ከሆነ ቫርኒሹ የራሱን መመዘኛ ማለፍ ይጠበቅበታል። አሮጌ ዕቃ ለሚሸጡና ለሚያድሱ ነጋዴዎች ይህ ቀላል የማይባል በር ነው። ግዥው መቼ እንደሆነ የሚያሳይ ደረሰኝ ወይም የንብረት መዝገብ መያዝ ግን ያስፈልጋል።

በሐዋሳ ዙሪያ ላለው አናጢ ደግሞ ጥንቃቄ የሚሻው ነጥብ ሙሉ እንጨቱ ነው። የዋንዛ፣ የግራቪሊያ ወይም የባሕር ዛፍ ጣውላ ሳይቀባ ሲቀር ያለ ምርመራ ያልፋል። ቫርኒሽ ሲቀባ ግን ከዚህ ዝርዝር ይወጣል፤ ቫርኒሹ የኬሚካል ሽፋን ነውና። የቢሮ ጠረጴዛ ያለ ቅብ ብዙ እንደማይቆይ የታወቀ ስለሆነ በዚህ በር ሙሉ ጠረጴዛ ማሳለፍ አይቻልም ማለት ይቀላል። ይልቁንም አዋጭ የሚመስለው የተቀላቀለ አሠራር ነው። እግሩና አካሉ በፓውደር ኮቲንግ የተቀባ ብረት፣ ላዩ መስታወት የሆነ ጠረጴዛ ያለ ምርመራ የሚያልፉ ክፍሎች አሉት። የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች በየከተማው በብዛት መኖራቸው ሲታሰብ ይህ ገበያ ለአገር ውስጥ አምራች የተዘጋ አለመሆኑ ይታያል።

የሲዳማ ደጋ የታወቀበት ቀርከሃም ይነሳል። በሲዳማ ባህላዊ ቤት ተጠልፎ የሚሠራው ቀርከሃ ሙጫ የለበትም። ተሰንጥቆ፣ ተጣብቆና ተጨምቆ በሰሌዳ መልክ የሚቀርበው ቀርከሃ ግን እንደ ማናቸውም ሰሌዳ ሙጫ ስላለው ምርመራ ይጠይቃል። «ቀርከሃ ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ማስታወቂያ የሙጫውን ጥያቄ አይመልስም።

ወረቀቱን ማንበብ

ከውጭ በሚመጡ ሰሌዳዎች ላይ የሚታዩት ምልክቶች ብዙ ናቸው። የአውሮፓው «ኢ1» ፎርማልዲሃይድ በሜትር ኩብ ከ0.124 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይጠይቃል። በቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ደረጃ ከዚህ ወርዶ «ኢ0» ለሚለው 0.050፣ «ኢኤንኤፍ» ለሚለው 0.025 ሚሊግራም ወስኗል። አሜሪካ በበኩሏ በሚሊዮን እጅ ሲሰላ ለኮምፔርሳቶ 0.05፣ ለችፑድ 0.09፣ ለኤምዲኤፍ 0.11 ገደብ አድርጋለች። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ ከኦገስት 6 ቀን 2026 ጀምሮ ለእንጨት ሰሌዳና ለቤት ዕቃ ገደቡን ወደ 0.062 ሚሊግራም ዝቅ እንዲል ወስኗል። ለአስመጪው ይህ ትርጉም አለው። ለአውሮፓ ገበያ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች አሠራራቸውን ሲለውጡ በአሮጌው ደረጃ የተሠራው ክምችት ደንቡ ወደማይመለከታቸው አገሮች በርካሽ ሊገፋ ይችላልና፣ ርካሽ ዋጋ ሲቀርብለት የሰሌዳውን ደረጃ ይጠይቅ።

ዋናው ነጥብ ግን ሌላ ነው። የሰሌዳው ወረቀት የጠረጴዛው ወረቀት አይደለም። ኢ0 የተጻፈበት ኤምዲኤፍ ላይ ፎርማይካ በማስቲሽ ተለጥፎ፣ ጠርዙ ተሸፍኖ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶ የተሠራ ጠረጴዛ አዲስ ዕቃ ነው። በሊድ «በሙጫ የተጨመቀ እንጨት» እና «የቢሮ ዕቃ» ሁለት የተለያዩ ምድቦች ናቸው። ከግድግዳ ጋር ተገጥሞ የሚሠራ ካቢኔ በየትኛው እንደሚገባም አማካሪውን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ሁለት ጊዜ መቁጠር ክልክል ነውና።

ለተጠናቀቀ ዕቃ ከሚታወቁት ምልክቶች አንዱ «ግሪንጋርድ» ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በዩኤል ኩባንያ ሥር ነው። ይህን የመሰለ ወረቀት ለያዘ ነጋዴም ሆነ ገዥ አራት ነገሮችን ማየት ይጠቅማል። አንደኛ፣ የሞዴሉ ስምና ቁጥር በደረሰኙ ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉን። ሁለተኛ፣ የአገልግሎት ጊዜው ያላለፈ መሆኑን። ሦስተኛ፣ ወረቀቱ የወጣው ለአምራቹ እንጂ ለሌላ ተመሳሳይ ፋብሪካ አለመሆኑን። አራተኛ፣ የተለካው በየትኛው ሁኔታ፣ ማለትም በቢሮ፣ በትምህርት ቤት ወይም በመኖሪያ ቤት ስሌት መሆኑን። የወረቀቱን ትክክለኛነት ከሰጪው ድርጅት የምርት መዝገብ ላይ ማመሳከር ይቻላል። ፎቶ ኮፒ ብቻ ይዞ መቅረብ ለደላላውም ለገዥውም አደጋ ነው።

የአናጢው ድርሻ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ለትልቅ አስመጪ የሚያመች ይመስላል። የምርመራው ወጪ በየሞዴሉ የሚከፈል በመሆኑ በዓመት አሥር ጠረጴዛ ለሚሠራ አናጢ አያዋጣም። ነገሩ እንዳለ ከቀጠለ የምስክር ወረቀት የሚፈልገው ሕንፃ ሁሉ ከውጭ በመጣ ዕቃ ይሞላል፤ ሐዋሳ ያለው እንጨት ሥራ ቤት ደግሞ በሩ ሥር የሚሠራውን ሕንፃ እያየ ይቀራል።

ይህ ግን የማይቀር ዕጣ አይደለም። ምርመራው የሚካሄደው በሞዴል እንጂ በፍሬ አይደለም። አሥር ሥራ ቤቶች አንድ ዓይነት ንድፍ፣ አንድ ዓይነት ሰሌዳ፣ አንድ ዓይነት ሙጫና ቫርኒሽ ተስማምተው በማኅበር ቢቀርቡ ወጪውን ሊካፈሉት ይችላሉ። ነገር ግን ከተመረመረው በኋላ ሙጫውን ወይም ቫርኒሹን የለወጠ ሰው የሁሉንም ወረቀት ዋጋ ያሳጣል። ስለዚህ ማኅበሩ ከእምነት በላይ የሆነ ቁጥጥር ይፈልጋል። ከሐዋሳ ብዙም የማይርቀውና በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የወንዶ ገነት የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ የእንጨት ዕውቀት የሚገኝበት ተቋም በመሆኑ ለእንዲህ ዓይነቱ ኅብረት ምክር የሚጠየቅበት ቅርብ በር ነው።

ሌላው ጉዳይ የሠራተኛው ነው። ገዥው በቢሮው ውስጥ የሚተነፍሰው አየር ሲመረመር፣ ያንኑ ጠረጴዛ የሠራው ወጣት በጠባብና በተዘጋ ሥራ ቤት ውስጥ ቲነርና ማስቲሽ ሲተነፍስ ይውላል። በገዥው ቢሮ የሚለካው ልቀት በሥራ ቤቱ ውስጥ ካለው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። በውሃ የሚበጠበጥ ቫርኒሽ፣ ፎርማልዲሃይድ የሌለው ሙጫ፣ የጠርዝ መሸፈኛና በቂ የአየር መውጫ ለምስክር ወረቀቱ ሲባል ቢገቡም የመጀመሪያ ተጠቃሚው አናጢው ነው።

ውል ከመፈረሙ በፊት

ወደ መጀመሪያው ምሳሌ እንመለስ። የባህል አዳራሹ ባለሀብት ስህተቱ ዕቃውን ከአገር ውስጥ ማሠራቱ አልነበረም፤ ጥያቄውን ዘግይቶ መስማቱ ነው። የቢሮ ዕቃ በሕንፃ ሥራ ውስጥ መጨረሻ ላይ የሚገዛ ነገር ነው። በዚያን ጊዜ ገንዘቡ አልቋል፣ ተከራዩ ቸኩሏል፣ ዕቃውም ገብቷል። ወረቀት የሌለውን ዕቃ አውጥቶ ሌላ መተካት ደግሞ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ስለዚህ የሙያው ልምድ የሚያሳየው ቅደም ተከተል ይህ ነው። በመጀመሪያ የምስክር ወረቀቱ ዓይነትና እትም ይታወቃል። ቀጥሎ የቢሮ ዕቃው ምድብ ለነጥቡ ያስፈልግ ወይስ ቀለም፣ ማጣበቂያና ወለል በቂ ይሆኑ እንደሆነ ይወሰናል፤ ካላስፈለገ ወጪው ይቀራል። ካስፈለገ ደግሞ የዕቃው ዝርዝር ከዋጋው ጋር በሠንጠረዥ ይሠፍርና ምርመራ የማይጠይቀው፣ አሮጌው፣ ሙሉ ወረቀት ያለውና ግማሽ ወረቀት ያለው ተለይቶ ይደመራል። ድምሩ 75 በመቶን ሲያልፍ፣ በተለይም የዋጋ ለውጥን ለመቋቋም ጥቂት ከፍ ሲል፣ ያኔ ጨረታው ይወጣል። በጨረታው ሰነድ ላይም ወረቀቱ ከዕቃው ጋር እንደሚረከብና ወረቀት ለሌለው ዕቃ ቀሪው ክፍያ እንደማይፈጸም መጻፍ ይገባል።

ለሻጩም ተመሳሳይ ነው። ወረቀቱን ዛሬ ከፋብሪካው የጠየቀ አስመጪ ነገ ዋጋ ሲደራደር የሚያነሳው ነገር አለው። የብረትና የመስታወት ዕቃ የሚሠራው የከተማው አምራችም ዕቃው ያለ ምርመራ የሚያልፍ መሆኑን በፕሮፎርማው ላይ ቢያሰፍር ከውጭ ከመጣው ጋር በእኩል ይወዳደራል። በአረንጓዴው ሕንፃ ገበያ ጥሩ ዕቃ መያዝ ግማሹ ሥራ ብቻ ነው፤ ዕቃው ጥሩ መሆኑን በወረቀት ማሳየት ሌላው ግማሽ ነው።